በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ቪዲዮ እየቆመ የሚሄድበት ምክንያት

ከቡሬ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ የሚኖሩ አጎቴ በበርበሬ ሽያጭ ገንዘብ ለልጃቸው ላፕቶፕ ገዙለት። ልጁም የትምህርት ቪዲዮ ሲከፍት ምስሉ ጥቂት ይሄድና ይቆማል፤ መካከሉ ላይ ትንሽ ክብ ይዞራል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ዕቃው ተበላሸ ተብሎ ወደ አንድ ጥገና ቤት ተወሰደ፤ በዚያም ፎርማት ተደረገ። የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ጠፋ፤ ቪዲዮው ግን እንደ ቀድሞው ይቆም ነበር። ጥፋቱ በላፕቶፑ ካልነበረ ከወዴት መጣ? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ1894 ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መዘርጋት የጀመረው የስልክ ሽቦ፥ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ለእነርሱ ብቻ የተያዘ ነበር። ኢንተርኔት ግን በዚህ ሥርዓት አልተሠራም። በ1960ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ፖል ባራንና ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ፥ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፥ መልእክትን በትናንሽ ጥቅል ከፋፍሎ በጋራ መንገድ የመላክን ዘዴ አሰቡ። በገበያ ቀን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አህያውም፥ ጋሪውም፥ አውቶቡሱም አብረው እንደሚሄዱ ዐይነት ነው፤ መንገዱ ለማንም ድርሻ አይጠብቅም።

የጋራው መንገድ በ1986 ጉዱ ታየ። በካሊፎርኒያ 400 ያርድ ያህል ብቻ በሚራራቁ ሁለት የምርምር ቦታዎች መካከል ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሽቦ አልተቈረጠም፤ መኪናም አልተሰበረም፤ ሁሉም ያለ ልክ ይልክ ነበርና መንገዱ ታነቀ። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ባሳተመው ጥናት፥ ጥቅል ሲጠፋ ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ፤ ሐሳቡም መልኩን እየለወጠ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ የስልክ ማማ በራቀበት ገጠር ጥቅሉ በየመንገዱ ሲጠፋ፥ ሩቅ አገር ያለው ላኪ ራሱ ወደ ኋላ ይላል ማለት ነው።

ከዚያም በ2009 የአፕል ኩባንያ ቪዲዮን በሴኮንዶች ቁራጭ እየከፈለ፥ እያንዳንዱንም በልዩ ልዩ ጥራት እያዘጋጀ የሚልክ ዘዴ አወጣ። ላፕቶፑ ገና ያልታየውን ቁራጭ እንደ ጎተራ እህል ያስቀምጣል። የሚገባው ከሚበላው ካነሰ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ያ የሚዞረው ክብ የባዶ ጎተራ ምልክት ነው።

ይህን ካወቅን ምርመራው ቀላል ነው። በፍላሽ የተቀዳ ቪዲዮ በዚያው ላፕቶፕ ሳይቆም ከሄደ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። ጥራቱን ወደ 360 ወይም ወደ 144 ዝቅ ሲያደርጉት ከተስተካከለ ጠባቡ መንገዱ ነው። እንዲያም ሆኖ ከቆመ፥ ዊንዶውስ በስውር ማሻሻያ እያወረደ እንደ ሆነ ማየት ይገባል፤ ይህ ሌባ በኛ አገር ብዙ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በ2023 ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ የሚዞረው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ያ መዘጋት እንጂ መቆራረጥ አይደለም፤ ላፕቶፕ በመነካካትም የሚድን አልነበረም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ሰው ብዙ ስላጋጠመኝ ነው ይህን ማንሣቴ።

ወደ አጎቴ ቤት ስመለስ፥ ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከልጁ ስልክ ነበር፤ ስልኩም በቆርቆሮ በተሠራው ቤት ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወደ መስኮቱ አመጣነው፤ ማሻሻያውን አቆምን፤ ጥራቱንም ወደ 360 አወረድን። ቪዲዮው ሄደ። ማታ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ግን ዛሬም ይቆማል፤ ልጁም ያን ሰዓት የጠፋውን ጽሑፍ እንደገና ለመጻፍ ያውለዋል፤ የጻፈውንም በሁለት ፍላሽ ያስቀምጣል።