ሻማር ጆሴፍ፦ በጀልባ ብቻ ከሚደረስባት መንደር እስከ ብሪዝበን

ሻማር ጆሴፍ የዌስት ኢንዲስ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ነው። በነሐሴ 1991 ዓ.ም በደቡብ አሜሪካዊቷ ጉያና፣ ባራካራ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በጥር 2016 ዓ.ም አውስትራሊያን በገዛ ሜዳዋ ለማሸነፍ ቡድኑን ሲያበቃ ዕድሜው 24 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ግን የሚተዳደረው በጥበቃ ሥራ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጨዋታው በጥቂቱ

ክሪኬት በሀገራችን እምብዛም ስለማይዘወተር አጭር ማብራሪያ ያስፈልገዋል። እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ይካሄዳል። ወርዋሪው ተንደርድሮ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ ጠንካራዋን ኳስ ይወረውራል፤ መቺው ደግሞ በጠፍጣፋ እንጨት መትቶ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷ ከመቺው በስተኋላ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ከመታች፣ ወይም እርሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ከሜዳ ይወጣል። አሥር መቺዎች ሲወጡ የቡድኑ የመምታት ተራ ያበቃል። ከጨዋታው ዓይነቶች ትልቅ ክብር የሚሰጠው እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ቴስት ሲሆን፣ በዚህም እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የመምታት ተራ አለው። ዌስት ኢንዲስ የአንድ ሀገር ስም አይደለም፤ ጉያናን ጨምሮ የበርካታ የካሪቢያን ሀገራትና ደሴቶች የጋራ ቡድን ነው።

ትውልድና ዕድገት

ባራካራ በካንጂ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት መንደር ናት። ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ ወንዙ ነው፤ ሰውም ዕቃም የሚመላለሰው በጀልባ ነው። ነዋሪዎቿ ኑሯቸውን የመሠረቱት በእርሻና በእንጨት ሥራ ላይ ነው። ሻማርና የመንደሩ ልጆች እውነተኛ የክሪኬት ኳስ ስላልነበራቸው በሎሚና በዘይቱን ፍሬ፣ አልፎ አልፎም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጠው በሠሩት ኳስ ይጫወቱ ነበር። አርአያዎቹ በቴሌቪዥን ያያቸው የቀድሞዎቹ ታላላቅ ወርዋሪዎች ከርትሊ አምብሮስና ኮርትኒ ዋልሽ ነበሩ።

ከፍ ሲል ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር ዛፍ እየቆረጠ፣ ግንዱን በወንዙ ላይ እያንሳፈፈ ወደ ኒው አምስተርዳም ከተማ የማድረስ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን የተቆረጠ ዛፍ ወድቆበት ሊሞት ከጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ መንደሩን ለቆ ወደ ከተማ ገባ። በመጀመሪያ በግንባታ፣ ቀጥሎም በፈረቃ 12 ሰዓት በሚፈጅ የጥበቃ ሥራ ተቀጠረ። ደመወዙ ቤተሰቡን ቢደግፍም ለልምምድ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረውም። በመጨረሻ፣ በእጮኛው አበረታችነት፣ ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለክሪኬት ሰጠ። ቤተሰብ እጁን ለሚጠብቅ ወጣት ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ወደ ብሔራዊ ቡድን

መንገዱን የከፈቱለት ችሎታውን ያዩ ሰዎች ናቸው። በአካባቢው ተወላጁ የዌስት ኢንዲስ ተጫዋች ሮማሪዮ ሼፐርድ ከጉያና ቡድን ጋር አገናኘው። በልጅነቱ በቴሌቪዥን ይመለከተው የነበረው አምብሮስም በአንድ የወርዋሪዎች ሥልጠና ላይ አይቶት አድንቆታል። በ2015 ዓ.ም አጋማሽ በባርቤዶስ ላይ ለጉያና የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ለቴስት ቡድን ሲጠራ በዚህ ደረጃ ያደረጋቸው ጨዋታዎች አምስት ብቻ ነበሩ።

ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም በአደሌድ ከተማ በቴስት በወረወራት የመጀመሪያ ኳስ፣ በዓለም ከታወቁት መቺዎች አንዱ የሆነውን ስቲቭ ስሚዝን አስወጣ። በዚያው ተራ አምስት መቺዎችን ቢያስወጣም ጨዋታውን ያሸነፈችው አውስትራሊያ ነበረች።

በቀጣዩ ሳምንት በብሪዝበኑ ጋባ ስታዲየም ሲመታ፣ ሚቼል ስታርክ የወረወራት ኳስ የእግሩን ጣት መታችውና ሜዳውን ለቆ ወጣ። በማግስቱ ይጫወታል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር። ወደ ስታዲየሙ የመጣው የራሱን መለያ እንኳ ሳይዝ ስለነበር የሌላ ተጫዋች መለያ ለብሶ ገባ። ለአምበሉም የመጨረሻው መቺ እስኪወጣ ድረስ መወርወሩን እንደማያቆም ነገረው።

አውስትራሊያ ለማሸነፍ 216 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ሁለት መቺዎቿ ብቻ ወጥተው ከ100 በላይ ስታስቆጥር ድሉ የእርሷ መስሎ ነበር። ሻማር ግን በተከታታይ ኳሶች ሁለት መቺዎችን አስወጥቶ ጨዋታውን ገለበጠው። በዚያ ተራ በአጠቃላይ ሰባት መቺዎችን ሲያስወጣ በእርሱ ኳሶች የተቆጠረው 68 ነጥብ ነበር። አውስትራሊያ 207 ላይ ቆመች፤ ዌስት ኢንዲስ በ8 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። በአውስትራሊያ ምድር እንዲህ ያለ ድል ካገኘ 27 ዓመት አልፎት ነበር። በስታዲየሙ በዘገባ ሥራ ላይ የነበረው የቀድሞው ታላቅ መቺ ብራያን ላራ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም።

ከድሉ በኋላ

የዌስት ኢንዲስ ክሪኬት ቦርድ ውሉን ወደ ዓለም አቀፍ ተጫዋች ደረጃ ከፍ አደረገለት። በህንድ ሊግ የሚወዳደረው የላክናው ቡድንም በ30 ሚሊዮን የህንድ ሩፒ አስፈረመው። ይሁን እንጂ በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታው ማንንም ሳያስወጣ 47 ነጥብ ተቆጠረበት። በነሐሴ 2016 ዓ.ም በሀገሩ ጉያና፣ ፕሮቪደንስ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን ሲገጥም ግን በአንድ ተራ አምስት መቺዎችን አስወጣ፤ ቡድኑ ተሸንፎም ቢሆን። በሰኔ 2017 ዓ.ም ደግሞ በባርቤዶስ በአውስትራሊያ ላይ በሁለቱ ተራዎች ዘጠኝ አስወጥቷል።

በፍሬ ኳስ ይጫወት የነበረው ልጅ ክንድ ያኔም ፈጣን ነበር። የጎደለው የልምምድ ጊዜና የሚያየው ሰው ሲሆን፣ ሁለቱም የተገኙት በ23 ዓመቱ ገደማ ነው። ሥራውን ባይለቅ ወይም አንድ የአካባቢው ልጅ ስሙን ባያነሳለት ኖሮ የጋባው ድል ባልታየ ነበር። ርቀው በሚገኙ መንደሮች ልጆች ሲጫወቱ የሚመለከት መምህር፣ አሠልጣኝ ወይም ወላጅ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው አንድ ነገር አለ፤ ጎበዝ ልጅ ሲያይ ስሙን ለሚመለከተው ሰው መንገር።