ያገለገለ ኮምፒውተርን ለሽያጭ ማዘጋጀት

ያገለገለ ኮምፒውተርን ለሽያጭ ማዘጋጀት ባለቤቱ መሣሪያውን ለሌላ ሰው ከማስተላለፉ በፊት የግል መረጃውን የሚያወጣበት፣ ዲስኩን የሚያጸዳበትና የማሽኑን ይዞታ የሚፈትሽበት ሥራ ነው።

ለምሳሌ በላሊበላ ጉዳዩ ከባለቤቱ የግል መረጃ ያልፋል። ከተማዋ የጎብኚዎች መዳረሻ በመሆኗ የአስጎብኚ ወይም የሆቴል ላፕቶፕ የእንግዶችን ፓስፖርት ቅጂና የክፍያ ደረሰኝ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ፋይልን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ በተለይ በሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ መረጃው ይቆያል። ተመራማሪዎቹ ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከገዟቸው 158 ያገለገሉ ዲስኮች 129ኙ ሲሠሩ፣ በአግባቡ ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ።

ሻጩ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ ከኢሜይልና ከቴሌግራም አካውንቱ ይወጣል። ቀጥሎ ወደ ዊንዶውስ «ሪሴት» ገብቶ ሁሉንም ማጥፋትንና ዲስኩን ማጽዳትን ይመርጣል። ማክ ከሆነ የጠፋ መሣሪያ መፈለጊያውን «ፋይንድ ማይ»ን ያጠፋል፤ አለዚያ አዲሱ ባለቤት ኮምፒውተሩን በስሙ ማስጀመር ሊሳነው ይችላል።

የማሽኑ ይዞታ ሲፈተሽ ባትሪውም ይታያል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አቅሙ ዋጋ ይወስናል፤ ዊንዶውስም የባትሪ ሪፖርት ያወጣል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን መቀበል አለመቀበሉን ሻጩ ለገዢው አስቀድሞ መንገር ይገባዋል።