እንጀራ በገንዘብ
ለአዲስ አንባብያን በራዲዮ የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ምግብ ቤት ታሪክ ነው። «ምግብ ቤት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ አለው። ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ አይደለም። መንገደኛ የት በላ? ማን አበላው? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? ይህም ታሪክ ነው።

ከይጁቤ እንነሣ። ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በባሶ ሊበን ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የባሶ ገበያ ስሙ የገነነ የዱሮ ገበያ ነው። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ጎጃምን ያየው እንግሊዛዊ መንገደኛ ቻርልስ ቢክ ስለዚሁ ገበያ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከጉድሩ በኩል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ይመጣ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። የሚያሳዝነው ነገር፣ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ በገበያ ይሸጥ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ነጋዴ ምን ይበላ ነበር? ሆቴል የለ፤ ምግብ ቤት የለ። ሲራራ ነጋዴ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ይጓዛል። ስንቁም በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነው። ገበያ ሲደርስ ይሰፍራል። እህሉንና ቅቤውን ይገዛል፤ እዚያው በሰፈረበት ያበስላል። ልብ በሉ! ጥሬ እህል መሸጥ ነውር አልነበረም። የበሰለ እንጀራ መሸጥ ግን እንደ ነውር ይታይ ነበር።

ለምን ነውር ሆነ? እንጀራ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ አይደለም ይባል ስለ ነበር ነው። የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» ይለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ይህ የሚያኮራ ባህላችን ነው።

ነገር ግን የዚህ መስተንግዶ ሌላ ፊት ነበረው። ባለሥልጣን ወይም የመንግሥት እንግዳ ሲያልፍ፣ ገበሬው ደርጎ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ደርጎ ማለት ለእንግዳው የሚሰጥ ቀለብ ነው፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ በጉ፣ ማሩ ሁሉ ነው። ይህ በውድ ሳይሆን በግድ ነው። እንግዳው በልቶ ይሄዳል፤ የገበሬው ልጆች ጦም ያድራሉ። እንግዲህ በነጻ የተበላ እንጀራ ሁሉ በእውነት ነጻ አልነበረም። ዋጋውን የከፈለ ሰው ነበረ። ያውም ደኸየው ገበሬ ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ በከተማው ሆቴል ከፈቱ። እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እንደሚተረከው ግን፣ በመጀመሪያ ሰው ለመግባት አፈረ። በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት ክብር የሚቀንስ መሰለው። በዚህ ጊዜ አፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን ይዘው ሄዱ፤ በሉ፤ ከፈሉም። ንጉሥ ካደረገው ማን ያፍራል? ሌላውም ቀስ በቀስ ለመደ ይባላል።

ነገር ግን በየከተማው ለመንገደኛ በር የከፈቱት ነገሥታት ብቻ አይደሉም። ከሁሉ በላይ ሴቶች ናቸው። ባል የሞተባት፣ ከባልዋ የተፋታች፣ መሬት የሌላት ሴት ወደ ከተማ ትገባለች። ያላት ሀብት ሙያዋ ነው። ጠላ ትጠምቃለች፤ ጠጅ ትጥላለች፤ አረቄ ታወጣለች። ጠጪው ሲርበው እንጀራ በወጥ ትጨምርለታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠላ ቤቱ ምግብ ቤት ይሆናል። ከደጁ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ይሰቀላል። ያ ጣሳ ለማያነብ ሰው ፊደል ነበር፤ «እዚህ ጠላ አለ» ይላል።

ሰው ጠላዋን እየጠጣ «ጠላ ሻጭ» እያለ ይሰድባት ነበር። ይህ ትክክል ነው ትላላችሁ? በጭስ ዓይኗ የጠፋው፣ ሌሊት ተነሥታ የጋገረችው እሷ ናት። በዚያ ገንዘብ ልጆቿን አሳደገች፤ አስተማረች። ሠርቶ መብላት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የሰው ላብ በነጻ መብላት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ወረረ፤ እስከ 1933 ዓ.ም. ቆየ። ወራሪው ተባረረ። ፓስታ፣ ፉርኖና ማኪያቶ የሚሉት ቃላት ግን በየቡና ቤቱ ቀሩ።

ስለ ቡናም አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የባሶ ገበያ ቡና ሲያሳልፍ፣ በዙሪያው ያለው ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር። በዚያ ዘመን ለክርስቲያን ቡና መጠጣት ይነቀፍ ነበርና። ልማዱ የተለወጠው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግድም ነው። ዛሬ ገበያ ወጥቶ ቡና ሳይጠጣ የሚመለስ ስንቱ ነው? ነውር የተባለ ሁሉ ለዘላለም ነውር ሆኖ አይኖርም ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ምግብ ቤት ስትገቡ ግድግዳውን ተመልከቱ። የዋጋ ዝርዝር ተለጥፎ ታገኙ ይሆናል። ሽሮ ስንት ነው? በያይነቱ ስንት ነው? ጥብስ ስንት ነው? ዱሮ ማንበብ ያልቻለ ሰው የተጠየቀውን ይከፍል ነበር። ቢታለልም አያውቅም። እናንተ ግን ማንበብ ችላችኋል። ሳታዙ አንብቡ፤ ስትጨርሱ ሒሳባችሁን ደምሩ። ምግብ ቤት ያላችሁ እናቶችና እኅቶች ደግሞ ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ። የተጻፈ ዋጋ ለሻጭም ለገዢም ዳኛ ነው፤ ጠብን ያስቀራል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። እንጀራ በገንዘብ ቢሸጥም፣ «ግባ፣ ቤት የእግዜር ነው» የሚለው ቃል አይሸጥም። እሱን ለልጆቻችን እናቆየው።

ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሲራራ ነጋዴ ምን ምን ስንቅ ይይዝ ነበር?
2. በእንግዳ መቀበልና በደርጎ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በከተማችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ የመጀመሪያውን ምግብ ቤት ማን ከፈተው? ሽማግሌዎችን ጠይቁና በሦስት መስመር ጻፉ።