ማረሻ ሠሪው ያለ ርስት፤ የቤተ እስራኤል ባለእጆች በወለቃ፣ በወገራና በስሜን

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና 6 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ራቀ ወለቃ የምትባል ትንሽ መንደር ያገኛል። ከዚያም የወገራን ደጋ አቋርጦ በዳባት ያልፍና ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ይደርሳል፤ ከደባርቅም በኋላ በልማልሞ ገደል አድርጎ ወደ ተከዜ ቈላ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌም ጭምር፣ የብረትና የሸክላ ሥራ ለብዙ ዘመን በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ ወይም ካይላ ይሏቸው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወገራን አራሽ ማረሻ ይሠራ የነበረው ሕዝብ ራሱ የሚያርሰው ርስት እንዴት እንዳጣ፣ ይህም በሙያውና በስሙ ላይ ምን እንዳስከተለ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሙያውን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ደገኛው ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን፣ ድግሩንና እርፉን ከእንጨት ጠርቦ ራሱ ያበጃል። ማረሻውንና ወገሉን ግን ብረት ሠሪ ካላበጀለት አያገኝም። ማረሻም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀር ዕቃ አይደለም፤ በድንጋያማ መሬት ላይ ሲውል ይዶለዱማል፤ እንደገና እሳት ገብቶ በመዶሻ መሳል አለበት። ስለዚህ ገበሬው ወደ ባለእጁ ቤት መመላለስ ግዴታው ነበር። ባለእጁ ወናፉን እያስነፋ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጣል፤ የድካሙንም ዋጋ ብዙ ጊዜ በእህል ይቀበላል። ሚስቱ ደግሞ እንስራ፣ ድስትና ምጣድ እየሠራች ወደ ገበያ ታወጣለች። እንግዲህ በወገራና በስሜን ግርጌ የታረሰው እርሻም የተጋገረው እንጀራም የእነዚህ ሰዎች እጅ ያለበት ነበር።

ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የተመለሰላቸው ንቀት ነው። ባለእጁ ቡዳ ነው፣ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑም ይበላል ይባል ነበር። ይህን ሐሜት የሰሙ ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩን ከብረትና ከእሳት ሥራ ጋር አብሮ የተወለደ አድርገው አይተውታል። የታሪኩ ቅደም ተከተል ግን ይህን አስተያየት አይደግፍም።

በጥንት ዜና መዋዕሎች ውስጥ ቤተ እስራኤል ጎልተው የሚታዩት እንደ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሳይሆን የራሳቸው አለቆችና አምባዎች እንዳሏቸው ተዋጊዎች ነው። አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወግቷቸዋል፤ ክርስትናን ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዲያጣ የተፈረደውም በእርሱ ዘመን እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። ፈላሻ የሚለውን ስም ከመፍለስ ጋር የሚያያይዙት ሰዎችም ምክንያታቸው ይኸው ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል ከ1579 ጀምሮ በስሜን አምባዎች ላይ ዘምቷል። በመጨረሻም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ መሪያቸው ጌዴዎን ተገደለ፤ የስሜን ቤተ እስራኤል ነፃነትም በዚያው አበቃ። ርስት ያጣ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ይቀሩታል፤ አንደኛው በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ መሆን ነው፤ ሁለተኛው መሬት የማይጠይቅ ሙያ መያዝ ነው። ቤተ እስራኤል ሁለቱንም ያዙ። ጄምስ ኲሪንና ስቲቨን ካፕላን በ1992 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የሕዝቡን አቋም በዚህ በረጅም የታሪክ ሂደት መተርጐማቸው ተገቢ ነው።

የጎንደር ዘመን ለዚህ ክርክር ዋና ማስረጃ ይሆናል። አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቈረቍር ለግንቡና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ግንበኛ፣ አናጢና ብረት ሠሪ አስፈለገው። ቤተ እስራኤል በዚህ ሥራ ተሰማሩ፤ ከአለቆቻቸውም አንዳንዶቹ በጅሮንድን የመሰለ የማዕረግ ስም አገኙ። በእርግጥ መገለሉ ፈጽሞ አልቀረም፤ በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ካይላዎች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። ነገር ግን መዶሻ የያዘ እጅ ከንጉሥ ዘንድ ሊከበር እንደሚችል ጎንደር አሳይታለች። በ1769 ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ቤተ መንግሥቱ ደከመ፤ ትልልቅ ሕንፃዎችም መሠራታቸው ቀረ። ግንበኛውና አናጢው ደጋፊ ሲያጣ ብረት ሠሪው ለገበሬው ማረሻና ማጭድ መቀጥቀጡን ቀጠለ፤ የማዕረጉ ስም ጠፍቶ የቡዳው ስም በረታ። በሁለቱ ዘመናት መካከል መዶሻው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የባለእጁ ደጋፊ ነው።

ከጎንደር እስላሞች ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል። እነርሱም በክርስቲያኑ ደጋ ርስት ስላልነበራቸው በሽመናና በንግድ ይተዳደሩ ነበር። እንግዲህ ከርስት መነቀል ወደ ሙያ እንደሚገፋ ከአንድ ሕዝብ በላይ ምስክር አለው። ነጋዴው ግን ሀብቱን በበቅሎ ጭኖ ሊሄድ ይችላል፤ ማረሻ ሠሪው ከአራሹ አጠገብ ካልተቀመጠ አይኖርም። ሐሜቱም በእርሱ ላይ የበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዘወትር የሚፈለግ ሰው ቅርብ መሆን አለበት፤ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ በጊዜ ብዛት ተጋብቶ ርስት ሊካፈል ይችላል። ቡዳ ነው የሚለው ፍርሃት ገበሬው ማረሻውን እየተቀበለ መሬቱንና ልጁን እንዲከለክል አስችሎታል።

በሌላ በኩል መለየቱ ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ አይደለም። ቤተ እስራኤል የመንጻት ሕጋቸውን ለመጠበቅ መንደራቸውን በወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር የተነካካም ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ስለዚህ ጎረቤቶቻቸው አትንኩኝ ብለው ሰየሟቸው። ሆኖም የውስጡ ሕግ እምነትን የሚጠብቅ ነበር፤ የውጪው ሐሜት ግን ርስትን የሚጠብቅ ነበር። ሁለቱን እንደ አንድ ነገር መቍጠር ስሕተት ነው።

ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ክፉ ቀን ይህን አኗኗር እስከ ሥሩ አናወጠው። ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፤ በ1888 መጀመሪያም ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በሬ በሌለበት አገር ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ ስለሌለ ርስት አልባው ባለእጅ ረኃቡን ብቻውን ተጋፈጠ። ከ1936 እስከ 1941 ኢጣሊያኖች የጎንደርን መንገድ በዳባትና በደባርቅ አድርገው በልማልሞ ሲያወርዱት ሁለቱ ከተሞች የመኪና መንገድ ገበያ ሆኑ። ባለእጁም ከተሰበረ መኪና የተገኘ ባሌስትራ ለማረሻና ለቢላዋ ማዋል ጀመረ። በወለቃም ሴቶቹ ከእንስራውና ከድስቱ ሌላ ለአገር ጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ሠሩ።

የርስቱ ጥያቄ በሕግ መልስ ያገኘው በመጋቢት 1975 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ማረሻ ሠሪው ከመቶ ዓመታት በኋላ በስሙ መሬት የመያዝ መብት አገኘ። መብቱ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ወዲያው ጦርነት አካባቢውን አመሰው፤ ረኃብም ተከተለ። ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጓዙ። በሄዱበት አገር ማረሻ የሚያሳል አራሽ አልጠበቃቸውም።

በወለቃ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ቆሞ ቀርቷል፤ ሸክላውን ግን የሚሠሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በቡዳነት ሲታማ የኖረው ሙያ ወደ ሌላ እጅ ሲገባ የኑሮ መተዳደሪያ ተብሎ ተያዘ። ርግማኑ ከጭቃውና ከብረቱ ጋር የተወለደ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልቻለም ነበር። ስለዚህ የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምር ሰው ስለ አንድ ሙያ የሚነገረውን ሐሜት ሲመዘግብ በዚያው ገጽ ላይ መሬቱ የማን እንደ ነበረ አብሮ መጻፍ ይገባዋል። መሬቱ ካልተጻፈ ሐሜቱ ታሪክ መስሎ ይቀራል።