ማንም ያላስቀመጠው ወረቀት

ነገሩ የሚጀምረው ከሙጫ ነው።

በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት ውስጥ በርዊክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር የቆዩ የፊልም ፖስተሮች ተገኙ። አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጡ እንዳይመስሏችሁ፤ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ካርቶን ሆነው ነበር። ፖስተሮቹ የ1930 እና የ1931 ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ሲኒማ ቤቱ ፊልም በቀየረ ቁጥር አሮጌውን ፖስተር ከመላጥ ይልቅ አዲሱን እላዩ ላይ በግድግዳ ወረቀት ሙጫ ይለጥፈው ነበር። በቃ፣ ሥራ ለማቅለል።

ክምሩ በአካባቢው በተደረገ ጨረታ 30,000 ዶላር ገደማ ተሸጠ። በእንፋሎት ቀስ እየተባለ ሲላቀቅ 33 ፖስተሮች ወጡ። በማርች 2012 ዳላስ ውስጥ በሄሪቴጅ ኦክሽንስ ለጨረታ ቀረቡና በድምሩ ከ500,000 ዶላር በላይ አወጡ። የ1931ዱ «ድራኩላ» ብቻውን 143,400 ዶላር ተሸጠ።

እስቲ አስቡት። ሙጫ የወረቀት ጠላት ነው፤ ማንኛውም ሰብሳቢ ይህን ይነግራችኋል። እነዚህን ወረቀቶች ለ80 ዓመት ያህል ያቆያቸው ግን ያው ሙጫ ነው። ተለያይተው ቢሆን ኖሮ አንድ በአንድ ተቀደው ያልቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጻፍኩት ኮድ ሰርቨር ላይ እስኪጫን ስጠብቅ ነው። የፊልም ፖስተር ፍለጋ የገባሁት በአባዬ ምክንያት ነበር። አባዬ ስለ ሲኒማ ሲያወራ ከሁሉም በፊት የሚያነሣው «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን»ን ነው፤ ጆን ስተርጅስ በ1960 የሠራውን፣ ዩል ብሪነርና ስቲቭ ማክዊን ያሉበትን። የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራዮች» ወደ ካውቦይ ተቀይሮ ማለት ነው። አባዬ ልጅ ሆኖ ፊልሙን ያየው አንዴ ነው። ፖስተሩን ግን፣ የመግቢያ ሳንቲም ስላልነበረው፣ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለሳምንታት አይቶታል። ስድሳኛ ዓመቱን ሲይዝ ያንን ፖስተር ልስጠው ብዬ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ስለ ወረቀት፣ ስለ ጨረታና ስለ ራሴ ሞኝነት ያስተማረኝ ብዙ ነው።

ለሽያጭ ያልተሠራ ዕቃ

መጀመሪያ የገረመኝ እነዚህ ፖስተሮች ለሕዝብ የሚሸጡ አለመሆናቸው ነው። ለሲኒማ ቤት የሚላኩ የሥራ ዕቃዎች ነበሩ። «ዋን ሺት» የሚባለው ዋናው መጠን 27 በ41 ኢንች ነው፤ ወደ 69 በ104 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ባለሦስቱ፣ ባለስድስቱ፣ እንዲሁም በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት 11 በ14 ኢንች የሆኑት «ሎቢ ካርዶች» አሉ።

ፊልሙ በትልቁ ከተማ ትልቅ ሲኒማ ቤት ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሰፈር ሲኒማ፣ ከዚያ ወደ ገጠር ከተማ ይወርዳል። ፖስተሩም አብሮት ይጓዛል። አንዱ ሲኒማ ቤት ተጠቅሞ ይመልሳል፣ ለሚቀጥለው ይላካል፤ እስኪበጣጠስ ድረስ። የተረፈው ይጣላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በአሜሪካ ለጦርነቱ ተብሎ አሮጌ ወረቀት ይሰበሰብ ስለነበር ብዙ ነገር በዚያው ሄደ። ለዚህ ነው የ1930ዎቹ ፖስተር ብዙ ሆኖ ታትሞ ዛሬ የአንዳንዱ ፊልም ሦስት ወይም አራት ቅጂ ብቻ የሚታወቀው።

ሌላው ነገር እጥፋቱ ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዋን ሺት በአብዛኛው የሚላከው ታጥፎ ነበር። እኛ «ያልታጠፈ ይሻላል» ብለን እናስባለን አይደል? በአሮጌ ፖስተር ላይ ግን ጭራሽ ያልታጠፈ ወረቀት ስታዩ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ከታች በስተቀኝ ያለው ቁጥር

ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ድርጅት በ1920 ተቋቋመ። ሥራው የፊልም ማስታወቂያ ቅንጭብ፣ ማለትም ትሬይለር፣ ማዘጋጀት ነበር። ከ1940 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የአብዛኞቹን ትልልቅ ስቱዲዮዎች ፖስተር የማከፋፈሉን ሥራ ያዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ሲኒማ ቤቶች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞች፣ ያለ ኮምፒውተር። እንዴት ይቆጣጠሩት?

ለእያንዳንዱ ፊልም ቁጥር ሰጡት። በ1960 ለወጣ ፊልም ቁጥሩ በ60 ይጀምራል፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ የፊልሙ ተራ ቁጥር። ፊልሙ ከዓመታት በኋላ እንደገና ለሲኒማ ሲቀርብ አዲስ ፖስተር ይታተማል፤ ከቁጥሩ ፊትም ብዙ ጊዜ «አር» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይገባል። የዳታቤዝ ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የመጋዘን ሠራተኛ መደርደሪያ እንዳይሳሳት ተብሎ የተጻፈ ቁጥር፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች የመቶና የሺህ ዶላር ውሳኔ የሚወስኑበት ማስረጃ ሆኗል። ከ1940 በፊት የታተሙት ግን ይህ ቁጥር የላቸውም፤ በጣም ውዶቹ ደግሞ እነሱ ናቸው።

ዋጋውን የሚወስነው ተሸናፊው ነው

አሁን ወደ ጨረታ እንምጣ። በ1997 ኒውዮርክ በሶዘቢስ የ1932ቱ «ዘ ማሚ» ፖስተር 453,500 ዶላር ተሸጠ፤ ያኔ ትልቅ ዜና ነበር። በ2005 የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ፖስተር በለንደን ጋለሪ በኩል 690,000 ዶላር አወጣ። በ2017 ሌላ የ«ድራኩላ» ፖስተር በሄሪቴጅ 525,800 ዶላር ተሸጠ።

525,800 የሚለው ቁጥር አላስደሰተኝም። ማን ነው እንደዚህ ያለ ቁጥር ጠርቶ የሚጫረተው? ለ1.195 አካፈልኩት፤ ልክ 440,000 ሆነ። የበርዊኩን 143,400ም አካፈልኩት፤ ልክ 120,000። ለካስ መዶሻው የተመታው በ440,000 ነበር፤ ከዚያ ላይ ጨረታ ቤቱ ያኔ ከገዢው 19.5 በመቶ ይጨምር ነበር። ጋዜጣ ላይ የምናነበው ኮሚሽኑ የተጨመረበትን ነው። ስለዚህ ጨረታ የምትገቡ ከሆነ የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው፤ ራሳችሁ ያወጣችሁትን ጣሪያ ከኮሚሽኑና ከመላኪያው ጋር አስሉት።

ሁለተኛው ትንሽ ጠለቅ ይላል። ዊልያም ቪክሪ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1961 ስለ ጨረታ አንድ ጥናት አሳተመ። ዋጋ እየተጠራ በሚወጣ ጨረታ ላይ አሸናፊው የሚከፍለው እሱ ልቡ የፈቀደውን ያህል አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው ካቆመበት ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። እኔ 1,000 ለመክፈል ዝግጁ ብሆንና አንተ 300 ላይ ብታቆም፣ ከ300 ትንሽ ከፍ አድርጌ እወስዳለሁ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጨረታ የሚያዋጣው፣ የምር ለኔ ስንት ያወጣል የሚለውን ቁጥር አስቀድሞ ሰጥቶ መተኛት ነው። ቪክሪ ለዚህ ዓይነት ሥራው በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ይህ ማለት ዋጋ የሚባለው ነገር የአንድ ሰው ፍቅር ሳይሆን የሁለት ሰው ነው። በ2018 መገባደጃ ላይ ሌላ የ«ዘ ማሚ» ፖስተር ሶዘቢስ ላይ ቀረበ። ግምቱ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ1997 ሰው የተሻማበት ያው ንድፍ ነው። አንድም ሰው ዋጋ አልሰጠም።

150 ያልኩት 330 ሲሆን

ይህን ሁሉ ቲዎሪ አውቄ ምን አደረግኩ? ስሙን ተዉትና አንድ የኦንላይን ጨረታ ላይ የ«ማግኒፊሰንት ሰቨን» ፖስተር አገኘሁ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ እንድትከፍልልኝና እንድትቀበልልኝ ተስማማን። ጣሪያዬ 150 ዶላር ነበር። ወረቀት ላይ ጽፌ ስክሪኔ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ አንድ የማላውቀው ሰው 155 አለ። 160 አልኩ። 170 አለ። በዚያ ሰዓት ስለ አባዬ እያሰብኩ አልነበረም፣ ስለ ቪክሪም አይደለም። ያንን ሰው ማሸነፍ ብቻ ነበር የፈለግኩት። በ260 አሸነፍኩ። 20 በመቶ ኮሚሽን ሲጨመር 312፣ መላኪያ 18፤ ሲደመር 330።

«ለወረቀት?» አለች እህቴ።

ዕቃው ሲደርሳት ፎቶ እያነሣች ላከችልኝ። መጀመሪያ በሜትር ለኪው አልኳት። 27 በ40። አንድ ኢንች ጎድሏል። ከታች በስተቀኝ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ አልኳት። «ምንም የለም እኮ» አለች። ፊደሎቹን በማጉያ መነጽር እንድታይ ለመንኳት። በዋናው ኅትመት ላይ ጽሑፉ ወጥ ቀለም ነው፤ ፖስተሩ ፎቶ ተነሥቶ እንደገና ከታተመ ግን ፊደሉም ራሱ በነጠብጣብ የተሠራ ይሆናል። ነጠብጣብ ነበር።

በመጨረሻም ሳትጠየቅ አንድ ነገር አለችኝ፤ «እጥፋቱ ይታያል፣ ግን በጣቴ ሲዳሰስ ልሙጥ ነው።» የታጠፈ ፖስተር ፎቶ ነበር። እጥፋቱም አብሮ ታትሟል።

ተመልሼ የሻጩን መግለጫ አነበብኩት። «ኦሪጅናል» የሚል ቃል የትም የለም። እኔ ነኝ ያነበብኩት።

ፊልሙ ጠፍቶ ፖስተሩ ሲቀር

በዚያ ሰሞን ብስጭቴን ለመርሳት ሳነብ ስለ «ለንደን አፍተር ሚድናይት» ደረስኩበት። ቶድ ብራውኒንግ በ1927 የሠራው፣ ሎን ቼኒ የተወነበት ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የመጨረሻው የሚታወቅ ቅጂ በ1960ዎቹ በኤምጂኤም መጋዘን ውስጥ በተነሣ እሳት ጠፋ። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያየው አይችልም። ፖስተሩ ግን በ2014 በሄሪቴጅ 478,000 ዶላር ተሸጠ። (ለ1.195 አካፍሉት፤ ልክ 400,000።)

ፊልሙ እንዲጠበቅ መጋዘን ነበረው። ፖስተሩ ምንም አልነበረውም፤ አንድ ሰው በሆነ ምክንያት አልጣለውም፣ ያ ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ የታክሲ መጠበቂያ ግድግዳዎቻችን ትዝ አሉኝ። ትምህርት ቤት እያለን የአማርኛ ፊልም ፖስተር በየሳምንቱ አንዱ ባንዱ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ልክ እንደ በርዊክ። ልዩነቱ የእኛን ዝናብ ያጥበዋል፣ ቀሪውን የሚቀጥለው ለጣፊ ይልጠዋል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1960ዎቹ ከተሠሩት ቀደምት ረጅም የአማርኛ ፊልሞች አንዱ ነው። ጓደኞቼን ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም ስሙን ያውቃሉ፣ ፖስተሩን ያየ ግን አልተገኘም።

እህቴ ለገና ስትመጣ ፖስተሩን ጠቅልላ አመጣችው። ለአባዬ እውነቱን ነገርኩት፤ ዋጋውን አይደለም፣ ቅጂ መሆኑን። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና ለረጅም ጊዜ አየው።

«የዋናውስ ምን ሆነ መሰለህ?» አለኝ። «ፊልም ሲቀየር ዘበኛውን እንለምነው ነበር። አንዱን ለስድስት ደብተር እንካፈለዋለን። ዩል ብሪነር የሒሳብ ደብተሬ መሸፈኛ ነበር።»

«ደብተሩስ?»

«ዓመቱ ሲያልቅ ለባለ ሱቅ ሸጥነው። ስኳር ጠቅልሎበታል።»

ሳቅን። እኔ ግን በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለው ሲኒማ ቤት ሄጄ ሊነሣ የነበረውን ፖስተር ጠየቅኩ። ትኬት የምትሸጠው ልጅ ምን ያደርግልሃል ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ሰጠችኝ። በነጻ።

እናንተም አንድ ጠይቁ። ጀርባው ላይ ቀኑንና የሲኒማ ቤቱን ስም ጻፉበት። በእርሳስ፤ እስክርቢቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። በጠፍጣፋው ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ አልጋ ሥር አድርጉት፤ ፕላስተር አትለጥፉበት፣ ፀሐይ አታሳዩት። ከዚያ እርሱት።