ከጎንደር ኢየሩሳሌም ስንት ሰዓት ነው?

ካርታ ላይ ማስመሪያ ብናጋድም ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ርቀት 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት ቀጥታ ቢበር ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ይኼ እንግዲህ የማስመሪያው መልስ ነው። በ1970ዎቹ መንገዱን በእግራቸው የጀመሩት ቤተ እስራኤሎች ግን በሰዓት አይቆጥሩትም፤ ለአንዳንዱ ወራት፣ ለአንዳንዱም ከዓመት በላይ ነበር።

መተማ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን አፄ ዮሐንስ ናቸው፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ቦታ። ልክ ነው። ግን ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ በዚያው ቆላ ሌላ ታሪክ አልፏል። ይኼኛውን ትምህርት ቤት ያስተማረን የለም።

ደርግ ከአገር መውጣትን ስለከለከለ ጉዞው በእግር፣ ያውም በሌሊት ሆነ። ከጎንደር ዙሪያ የተነሱ ቤተሰቦች ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ከ800 ሜትር በታች ወዳለው ቆላ ወረዱ፤ በመተማ፣ በቋራ፣ በአርማጭሆ። መንገድ መሪው ይከፈለዋል፣ ሽፍታ ይዘርፋል፣ ውሃ የለም፣ ወባ አለ። ከጎንደር መተማ በአየር 150፣ ከመተማ ገዳሪፍ ሌላ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ ሕፃንና ሽማግሌ ለያዘ ሰው ሳምንታት ፈጀ።

ሱዳን መድረስም መዳን አልነበረም። ኡም ራኩባን በመሳሰሉ የስደተኛ ካምፖች ማንነታቸውን ደብቀው፣ በረሃብና በበሽታ እየተመቱ ተራ ጠበቁ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ።

ከዚያ በረራው መጣ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 ሰው ከካርቱም ወጣ። ካርቱምና ቴል አቪቭ በቀጥታ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሱዳንና እስራኤል ግን ግንኙነት አልነበራቸውምና የቤልጅግ አውሮፕላኖች መንገደኞቹን በብራስልስ አዙረው ወሰዷቸው፤ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው! ወሬው ሲወጣ ሱዳን በረራውን አቆመች። የቀሩትን 500 ያህል ሰዎች መጋቢት 1977 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አካባቢ አንስተው በቀጥታ እስራኤል አደረሷቸው። መንግሥታት ሲስማሙ መንገዱ አጠረ ማለት ነው።

እኛ በደንብ የምናውቀው ዘመቻ ሰለሞንን ነው፤ ግንቦት 1983፣ 36 ሰዓት፣ ከ14,000 በላይ ሰው፣ ከአዲስ አበባ። ቁጥሩ ያስደንቃል፣ ፎቶውም አለ። የመተማው ጉዞ ግን የተጓዘው ካሜራ በሌለበት ጨለማ ነው። በመንገድ ለቀሩት ኢየሩሳሌም ውስጥ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ሟቾቹ ግን የእኛም አገር ልጆች ነበሩ፤ የወገራ፣ የደምቢያ፣ የጭልጋ ሰዎች። ታሪካቸውን ከአውሮፕላኑ በር ብቻ የምንጀምር ከሆነ የሄዱበትን እንጂ የሸሹበትን አናውቅም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። ከካርቱም አዲስ አበባ በአየር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ ልጆቻቸውን አዝለው በገላባት በኩል መተማ ገቡ። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እነሱን መጠየቅ ነው፤ ማስመሪያው አይነግረንም።