ከደመና በላይ ያለች ጨረቃ

የሐምሌ ሌሊት ቢቸና ላይ ምን እንደሚመስል ለምሥራቅ ጎጃም ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ጉሙ ከአፋፍ አፋፍ ይተኛል፤ ሰማይ የሚባል ነገር የለም። በልጅነቴ እንዲህ ባለ አንድ ሌሊት ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ከጎጆው ደጅ ቆመው፣ «ዛሬ ጨረቃ ስንት ሌሊቷ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀና ብዬ አየሁ።

«አትታይም፣ የኔታ» አልኋቸው።

«እኔ መች እይ አልሁህ? ቁጠር እንጂ!» አሉኝ።

የዓመቱን አበቅቴ፣ የወሩን ሕፀፅና ዕለቱን ደመርሁ፤ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ 30 ገደፍሁ። ቀሪው የጨረቃ ዕድሜ ነበር። ያልታየን በቁጥር ማወቅ እንደሚቻል የተማርሁት ያን ሌሊት ነው።

ቁጥሩ ራሱ መመርመር እንዳለበት የገባኝ ግን ዘግይቶ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ ነው። ያን ማለዳ ፀሐይ ላሊበላ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። እኔም የልጅነቴን ሒሳብ አሰላሁ። የዓመቱ አበቅቴ 6፣ የሰኔ ሕፀፅ 5፣ ዕለቱ 14፤ ድምሩ 25። በቁጥሩ መሠረት ጨረቃ ገና 25 ሌሊቷ ነበር። ፀሐይ የምትጋረደው ግን የጨረቃ ወር አልቆ አዲሱ ሲተካ ብቻ ነው። በቁጥሩና በሰማዩ መካከል አምስት ቀን ያህል ክፍተት ተገኘ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ቀመሩ 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋር እኩል ያደርጋል፤ 19 ዓመቱ ግን በጥቂቱ ይበልጣል። ያች ትርፍ 300 ዓመት ገደማ ስትጠራቀም አንድ ቀን ትሞላለች፤ ቀመሩ ደግሞ ከ1,600 ዓመት በላይ አገልግሏል። ይህን የምለው ሊቃውንቱን ለመንቀፍ አይደለም። የአጽዋማትና የበዓላት ሥርዓት ዛሬም በዚያው ቀመር ጸንቶ ይኖራል።

ውድ አንባብያን፣ ሒሳብና ሰማይ ሲጣሉ ፍርዱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ያልቆጠርነው ነገር አለ፣ ወይ ሕጉ ይታረማል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሁለቱንም አይቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ ዝንፍ ስትል ፈረንሳዊው ለ ቬሪየ «ያልታየች ፈለክ እየሳበቻት ነው» አለ። በ1846 በጠቆመበት አቅጣጫ ኔፕቲዩን ተገኘች። ያው ሰው በ1859 የሜርኩሪን መዛነፍ አይቶ ለፀሐይ የቀረበች ሌላ ፈለክ ሳትኖር አትቀርም አለ። ቩልካን የሚል ስም ወጣላት፤ ብዙ ዘመን ተፈለገች፤ አልነበረችም። በ1915 አንስታይን የስበትን ሕግ አዲስ አድርጎ ሲያቀርብ የሜርኩሪ ነገር ያለ ቩልካን ተፈታ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የተሰወረ አካል ነበር፤ ለሁለተኛው የሕግ መታረም።

ሦስተኛው ጥያቄ የተነሣው በአንድሮሜዳ ዙሪያ ነው። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚሏት አንድሮሜዳ ናት፤ በስሟ በተጠራው የከዋክብት ክምችት አቅጣጫ አንድ ታላቅ ጋላክሲ አለ። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በዚያ ጋላክሲ ውስጥ 67 የሚያበሩ የጋዝ ደመናዎችን መርጠው፣ ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሸው ወደ ቀይ ማዘንበሉን እየለኩ የእያንዳንዱን ፍጥነት አወጡ። ውጤቱን በ1970 አሳተሙ።

የሚጠበቀው የታወቀ ነበር። ለፀሐይ የቀረበችው ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ የራቀችው ኔፕቲዩን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ታዘግማለች። የጋላክሲም ብርሃን በመሐሉ ስለሚከማች ዳር ያሉት ከዋክብት ቀስ ማለት ነበረባቸው። አንድሮሜዳ ግን እስከ ዳርዋ ድረስ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትዞራለች። ቁልቁል መውረድ የነበረበት የፍጥነት መስመር ሜዳ ሆነ። ቦስማ በ1978 ከዋክብቱን አልፎ ባለው የሃይድሮጅን ጋዝ፣ እነ ሩቢንም በ1980 በ21 ጋላክሲዎች ያንኑ አገኙ። በዚያ ፍጥነት የሚበሩትን ከዋክብት ሳይበተኑ የያዛቸው ምንድን ነው?

ብዙዎች «ያልታየ ቁስ አለ» አሉ። ዝዊኪ በ1933 በጋላክሲዎች መንጋ ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። ዛሬ ይህ ጽልመታዊ ቁስ ከሚታወቀው ቁስ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ይሰላል። ሚልግሮም ግን በ1983 «ሕጉን እናርም» አለ፤ ስበት እጅግ ሲደክም ጠባዩ ይለወጣል ባይ ነው። የብዙ ጋላክሲዎችን ዙረት በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገልጻል። ሆኖም በ2006 በተገለጠ ምርምር፣ ሁለት የጋላክሲ መንጋዎች ተላትመው ሲተላለፉ አብዛኛው ጋዛቸው ወደ ኋላ ሲቀር፣ የስበቱ ማዕከል ከጋዙ ተለይቶ ታየ። ይህ ሚዛኑን ወደ ተሰወረው ቁስ ያጋድለዋል። የቁሱን ቅንጣት ግን ከምድር በታች የተቀበሩት መሣሪያዎች እስከ ዛሬ አልያዙትም። ኔፕቲዩን ትሁን ቩልካን ገና አልተፈረደም። ሩቢን የኖቤል ሽልማት ሳታገኝ በ2016 አረፈች፤ በስሟ ቺሊ ላይ የተተከለው ታላቅ መነጽር በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳየ።

በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ ከሞጣ ወጣ ብዬ ወደ ሰሜን አያለሁ። አንድሮሜዳ በዓይን ብቻ የምትታይ ደብዛዛ ጭላንጭል ናት። ብርሃኗ ጉዞ የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አፋር ጎና ላይ የሰው ዘር አባቶች ድንጋይ መጥረብ በጀመሩበት ዘመን ገደማ ነው። የኔታ ቢኖሩ ስንት እንደተቆጠረ ይጠይቁኝ ነበር። የታየውን ቆጥረናል፣ የኔታ፤ አልሞላም። ገና እየደመርን ነው።